ቶርኖውን ስንቴ ታነሱታላችሁ? ከመለያየት በኋላ ለጠመንጃ ጥገና ወርክሾፕ ቦታ ስለመምረጥ

ሰው ሲለያይ ልብሱን በሻንጣ፣ መጽሐፉን በካርቶን አድርጎ ይወጣል። ቶርኖ፣ ብረት እያዞረ የሚቆርጠው ከባድ ማሽን፣ ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ደንበኛ አምኖ የሰጠው ጠመንጃም እንደ ብርድ ልብስ መኪና ላይ ተጭኖ ጓደኛ ቤት አያድርም።

እኔ አሥራ አራት ዓመት የሠራሁት ከቤታችን ጓሮ በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። ቤቱ የእሷ፣ የአጋሬ፤ ወርክሾፑ የእኔ። አብረን እስካለን ድረስ ይህን ማንም አይቆጥረውም ነበር። ስንለያይ ግን መቁጠር ግድ ሆነ። አልተጣላንም። ውጣም አላለችኝም። ሆድ ብሶኝ በሦስት ቀን ውስጥ ያየሁትን የመጀመሪያ ቦታ የያዝኩት እኔው ነኝ። ከዚያ በኋላ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ቶርኖዬን ሦስት ጊዜ አነሳሁት።

ለዚህ ነው ማወዳደሪያዬ ከሌላው ሰው የሚለየው። ብዙ ሰው ኪራዩን፣ ስፋቱንና ርቀቱን ያወዳድራል። ይሁን፣ እሱም ይመጣል። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ግን ሁለት ነገር ነው። እዚህ ከገባሁ ቶርኖውን እንደገና ስንቴ አነሳዋለሁ? የበሩስ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

አንድ ጊዜ ማንሳት ማለት

የጭነት መኪናው ክፍያ ትንሹ ነገር ነው። ጠመንጃ ጠጋኝ የሚሠራበት መካከለኛ ቶርኖ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ይመዝናል። ብሪጅፖርት የሚባለው የታወቀው ፍሬዛ (ብረት የሚፈለፍለው ማሽን) ደግሞ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ክብደቱም ከላይ ነው። ሳይታሰብ ከተገፋ ይገለበጣል። ከመነሳቱ በፊት ጠረጴዛው ወደ ታች ይወርዳል፣ ጭንቅላቱም ወደ ታች ይዞራል። ቶርኖ በበኩሉ ክብደቱ ሞተሩና ማዞሪያው ባለበት በኩል ነው። ስለዚህ ተንሸራታቹን አካል ወደ ሌላው ጫፍ ገፍቶ ማመጣጠን ያስፈልጋል። ፊት ለፊቱ ባሉት ረጃጅም ዘንጎች ገመድ አስሮ የሚያነሳ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ዘንጎቹ ከጎበጡ የብሎን ጥርስ የማውጣት ሥራ አለቀለት።

ዋናው ጣጣ ግን ቶርኖው ከተቀመጠ በኋላ ይመጣል። የቶርኖ አልጋ ብረት ቢሆንም ይጠማዘዛል። አንዱ እግር ከሌላው በጥቂቱ ከፍ ካለ አልጋው ይጣመማል፣ የምትቆርጡትም ብረት በአንድ ጫፍ ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ለበር ማጠፊያ ምንም አይደለም። የጠመንጃ በርሜል ለሚገጥም ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። የግንበኛ ውሃ ልክ እዚህ አይሠራም። በአንድ ሜትር ላይ የ0.02 ሚሊ ሜትር ልዩነት የሚያሳይ የማሽን ውሃ ልክ ይፈለጋል። ካስተካከላችሁ በኋላም ማሽኑ ወለሉ ላይ እስኪረጋ ጥቂት ሳምንት ጠብቃችሁ እንደገና ትለካላችሁ። በእኔ ቤት አንድ ማንሳት ወደ አንድ ወር የሚጠጋ አስተማማኝ ሥራ በልቷል። ሦስት ጊዜ ካነሳችሁ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ወረቀቱ ከማሽኑ ይቀድማል

በብዙ አገር የጠመንጃ ጥገና ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለሰውና ለአድራሻ ነው። አሜሪካን ብንወስድ ፈቃዱ የሚሠራው በተጻፈበት ቦታ ነው። አድራሻ የሚቀይር ሰው ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት ያመለክታል፤ የተሻሻለው ፈቃድ እጁ ሳይገባም በአዲሱ ቦታ ሥራ መጀመር አይችልም። በእንግሊዝም በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት ነጋዴው ፖሊስ ዘንድ የሚመዘገበው ከሥራ ቦታው ጋር ነው። አዲስ ቦታ ሲይዝ ማሳወቅ አለበት። የእናንተ አገር ሕግ ምንም ይበል፣ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። «ሰውዬው በስልክ ይቻላል ብሎኛል» ማስረጃ አይሆንም።

አንድ የማይወደድ ነገርም እዚሁ ልበል። መለያየቱ ፍርድ ቤት የደረሰ ከሆነ፣ በተለይ የጥበቃ ትእዛዝ (አንዱ ሌላውን እንዳያስፈራራ ፍርድ ቤት የሚያወጣው) ከወጣ፣ የቦታው ጥያቄ ጨርሶ ሊቀየር ይችላል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አንዳንድ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ መያዝ አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ይህን አጽንቶታል። ስለዚህ ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ።

ፍርድ ቤት ባይኖርም ራሳችሁን እዩ። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ መጠጥ ካበዛችሁ፣ ሐሳባችሁ ከጨለመ፣ በካዝና ሙሉ ጠመንጃ ተከባችሁ የምትውሉበት ሳምንት አይደለም። ፈቃድ ያለው የሙያ ጓደኛ በመዝገብ ተረክቦ ይያዝላችሁ። ሐኪም ወይም የምታምኑት ሰው ጋ ሂዱ። ደንበኛ ይጠብቃል። እኔ አራት ሳምንት ሰጥቼ ነበር፤ «ለምን?» ብሎ የተቆጣኝ አንድ ደንበኛ ብቻ ነው።

እዚያው መቆየት

ብዙ ሰው ይህን ከምርጫ አይቆጥረውም። ያዋርዳል ይላል። እኔ ግን መለያየቱ በሰላም ከሆነ በቁም ነገር እንድታስቡበት እፈልጋለሁ። ፈቃዱ እዚያ ነው፣ መብራቱ እዚያ ነው፣ ቶርኖው ተስተካክሎ ቆሟል። ለስድስት ወር የኪራይ ውል ብትፈርሙ ማሽኑን የምታነሱት አንዴ ብቻ ይሆናል፤ እሱም ትክክለኛውን ቦታ ተረጋግታችሁ ካገኛችሁ በኋላ። ቶርኖዬን አስቤ ቢሆን ኖሮ ይህን ነበር የምመርጠው። ያኔ ያሰብኩት ኩራቴን ነው።

ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። የወርክሾፑ ቁልፍ በእናንተ እጅ ብቻ መሆን አለበት። አብራችሁ ስትኖሩ ትርፉ ቁልፍ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነበር አይደል? ለሕግ ያ ትልቅ ነገር ነው። ካዝናውን ሊከፍት የሚችል ሰው መሣሪያው በእጁ እንዳለ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ መቆለፊያ ይቀየር፣ የካዝናው ቁጥር ይቀየር፣ ውሉ ላይም ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚገባ ይጻፍ። ለእሷም ቢሆን ይሻላል። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ማንም አይጠረጥራትም።

ውሉ ማብቂያ ቀን ከሌለው አትግቡበት። በየጠዋቱ በኩሽናው መስኮት ፊት ማለፍ ስድስት ወር ይቻላል። ሁለት ዓመት አይቻልም። አዲስ ሰው ወደዚያ ቤት ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አይቻልም።

የአዲሱ ቤት ጋራዥ

ይህ የብዙዎች ሁለተኛ ሐሳብ ነው፤ የእኔ ደግሞ የመጀመሪያ ስህተት። ጋራዥ ያለው ቤት ተከራየሁ። የረሳሁት ከተለያዩ በኋላ የሚከራዩት ቤት መቆያ መሆኑን ነው። ሰው ልቡ ሲረጋ ቤቱን ይቀይራል። ያን ጊዜ ወርክሾፑም አብሮ ይፈናቀላል።

የራሳችሁ ቤት ከሆነ ግን ጥሩ ምርጫ ነው። ወለሉን እዩ። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ያልተሰነጠቀ ኮንክሪት መካከለኛ ቶርኖ ይችላል። የጣውላ ወለል ቶርኖውን ቢሸከም እንኳ ሰው ሲራመድ የውሃ ልኩ አረፋ ይጨፍርባችኋል። መብራቱ ሌላው ጉዳይ ነው። መኖሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ባለአንድ ፌዝ ነው፤ የድሮ ጠንካራ ማሽን ደግሞ ሦስት ፌዝ ይፈልጋል። እስከ 2.2 ኪሎ ዋት ላለ ሞተር ከአንድ ፌዝ ሦስት የሚያወጣ ኢንቨርተር ማግኘት ቀላል ነው። ከዚያ ካለፈ ከኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ተቀመጡ።

ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር አይገባም። አንዱ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ብናኝ ነው። ከተተኮሰበት በርሜል የሚወጣው ጥቀርሻ እርሳስ አለበት፣ በልብስና በጫማ ወደ ሳሎን ይገባል። ሁለተኛው ብረት በትኩሱ የሚጠቆርበት ገንዳ ነው። እሱ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት ያለበት፣ ወደ 140 ዲግሪ የሚፈላ ነገር ነው። ሲፈላ ውሃ በግዴለሽነት የጨመረበት ሰው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። አሉሚኒየም ከገባበት በኃይል ይበላዋል፣ ሃይድሮጂንም ይወጣል። በመኖሪያ ቤት መሥራት ካለባችሁ ወደ ዝግታው ዘዴ ተመለሱ፤ ቀስ በቀስ አዝጎ፣ በንጹሕ ውሃ ቀቅሎ፣ በብሩሽ እየጠረጉ ማጥቆር። ቀናት ይወስዳል፤ ለድሮ ባለሁለት አፍ ጠመንጃ ግን ከትኩሱ ገንዳ የተሻለ ነው። በብር ብየዳ የተያያዙትን በርሜሎች ትኩሱ ገንዳ ምንም ላይላቸው ይችላል፤ በለስላሳ ብየዳ የተያያዙትን ግን ያላቅቃቸዋል።

የኪራይ ወርክሾፕ

በኢንዱስትሪ ሰፈር ያለ ክፍል ለማሽን የተሠራ ነው። ወለሉ ወፍራም፣ በሩ ሰፊ፣ ሦስት ፌዙ ዝግጁ። ጎረቤታችሁ ብየዳ ስለሚበይድ በእናንተ ኮምፕሬሰር ጩኸት አያማርርም። የሥራ ፈቃድ ሰጪውም አድራሻውን በቀላሉ ይቀበላል። ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ የምመክረው ይህን ነው፣ አቅም ከፈቀደ።

ችግሩ ሌሊት ነው። ያ ሰፈር ከሥራ ሰዓት በኋላ ጭር ይላል። ሌባ ጊዜ አለው። በጋራ ያለውን ግድግዳ አንኳኩታችሁ እዩ፤ ቆርቆሮ ወይም ቀጭን ቦርድ ከሆነ በሩን በሦስት ቁልፍ ብትቆልፉ ትርጉም የለውም። ካዝናው ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰር። አከራዩ መብሳት ይፈቅድ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። አከራዩ ራሱ ትርፍ ቁልፍ ይይዛል ወይ? ይህንንም ጠይቁ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ የተነሳሁት በዚህ ነው። አከራዩ ለውሃ ቧንቧ ጥገና ብሎ ሳልኖር ከፍቶ ገብቷል። ምንም አልነካም። ግን ገብቷል፣ እኔም መዝገብ ላይ የሰፈረ የሰው ንብረት ነበረኝ። በማግስቱ ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመርኩ።

ማስታወቂያ ላይ «ጠመንጃ» የሚል ጽሑፍ አትለጥፉ። የሚፈልጋችሁ ደንበኛ ያገኛችኋል።

ሌላ ባለሙያ ጋ መጠጋት

ከመለያየት በኋላ ብቻውን መዋል የሚከብደው ሰው አለ። እኔ እንደዚያ ነበርኩ። ሦስተኛው ቦታዬ የአንድ አዛውንት ጠጋኝ ወርክሾፕ ጥግ ነበር። ቡና ሲጠጣ ያወራኛል፣ ስሠራ ዝም ይላል። ከዚህ የተሻለ ሕክምና አላገኘሁም።

እንደ ንግድ ስናየው ግን ሁለት መልክ አለው። በእሱ ፈቃድ ሥር ተቀጥራችሁ ከሠራችሁ ወረቀቱ ቀላል ነው፤ ደንበኛው ግን የእሱ ይሆናል። የራሳችሁን ፈቃድ ይዛችሁ ጣሪያ ብቻ ከተጋራችሁ ደንበኛው ይቀርላችኋል፤ ወረቀቱ ይከብዳል። ሁለት ፈቃድ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖር መዝገቡም፣ ካዝናውም፣ ተራ የሚጠብቀው ጠመንጃ የሚሰቀልበትም ለየብቻ መሆን አለበት። ተቆጣጣሪ ሲመጣ «ይህ የማን ነው?» ተብሎ ሁለታችሁም ከተያያችሁ ነገር ተበላሸ።

በመሣሪያ በኩል የሚያስደስተው ቶርኖ እዚያ መኖሩ ነው። የራሳችሁን ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡ። ሞርሳ፣ ሞረድ፣ ካቻቢቴና መለኪያ ይዛችሁ ግቡ። በዚህ መንገድ ትልቁ ማሽን የሚነሳው ለመጨረሻው ቦታ ብቻ ነው። ይህን ያወቅሁት ሦስተኛውን ጉዞ ከተጓዝኩ በኋላ መሆኑ ነው የሚያናድደው።

ኮንቴይነር

በወሬ ደረጃ በጣም ያምራል። ብረት ነው፣ ይቆለፋል፣ ከእናንተ ጋር ይሄዳል። ቶርኖው ውስጡ ሆኖ ክሬን ያነሳዋል። እንደገና ማስተካከል ግን አይቀርም፤ የኮንቴይነር ወለል ጣውላ ነውና ይተጣጠፋል። ከዚህ የባሰው ላብ ነው። ብረቱ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ውስጡ ያለው እርጥበት ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ የተወለወለ በርሜል ላይ። ሙቀት መከላከያ፣ አየር ማስገቢያና እርጥበት መሳቢያ ካላስገባችሁ ሣጥን ሙሉ ዝገት ታመርታላችሁ። ፈቃድ ሰጪው ደግሞ ተንቀሳቃሽ ነገርን እንደ አድራሻ ላይቀበል ይችላል። ለመጋዘንነት ይሁን። ለጠመንጃ ጥገና አልመርጠውም።

ቆልፎ ማቆም

መሥራት የማይቻልበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የደንበኛውን ጠመንጃ በሙሉ መልሱ፣ ያለቀውንም ያላለቀውንም። ማሽኑን ደረቅ መጋዘን ውስጥ አስገቡ፣ የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። የተወለወለውን ብረት ሁሉ ወፍራም ዘይት ቀቡ። አሲድ፣ በተለይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ አብሮ አይቀመጥ። ጠርሙሱ ቢከደንም ትነቱ ይወጣና ክፍሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሁሉ ያዝገዋል። አንድ ወዳጄ ሙሉ የሞረድ ስብስቡን ያጣው እንዲህ ነው።

የማን ነው?

ቦታው ከተመረጠ በኋላ መኪናው ከመምጣቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ለዝርዝር ስጡ። የእያንዳንዱን መሣሪያ ፎቶ አንሱ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ደረሰኝ ካለ አያይዙ። ፍሬዛው በጋራ ገንዘብ ተገዝቶ ይሆናል። ኮምፕሬሰሩ የወንድሟ ሊሆን ይችላል፤ የእኔ ነበር ብዬ የማልኩበት ኮምፕሬሰር በእርግጥም የወንድሟ ሆኖ ተገኘ። ዝርዝሩን ሁለታችሁም ፈርሙበት። እሷ በሌለችበት ሌሊት መጫን ሕጋዊ ቢሆንም እንኳ መልኩ የሌባ ነው። ጎረቤት ጠመንጃ ሲጫን አይቶ ፖሊስ ቢጠራ ደግሞ ማብራራቱ ረጅም ነው።

የጉዞው ተራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፈቃዱ ይመጣል። ቀጥሎ ካዝናው ይሄዳል፣ ይታሰራል። ከዚያ ጠመንጃዎቹ፣ በአንድ ጉዞ፣ ባዶ መሆናቸው አንድ በአንድ ታይቶ፣ መዝገቡ ላይ እየተመሳከሩ፣ መንገድ ላይ ሳትቆሙ። በሚቀጥለው ቀን ማሽኑ። ከብርድ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ ብረት ያልበዋል፤ ስለዚህ ሽፋኑን ቶሎ አትግፈፉ፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ። በግማሽ የተጠረበ ሰደፍ ካለም ሥራውን ወዲያው አትቀጥሉ። እንጨት አዲሱን አየር ይጠጣል ወይም ይደርቃል። ያኔ በልክ የገባው ብረት ይላላል ወይም አልገባም ይላል። እኔ ለሦስት ሳምንት ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

አሁን ያለሁበት ቦታ አራተኛው ነው፣ ባለ ወፍራም ወለል የኪራይ ክፍል። ካዝናው በአራት ብሎን ታስሯል፣ ቁልፉ አንድ ነው። ባለፈው ሳምንት የማሽን ውሃ ልኩን አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። አረፋው መሀል ቆመ። ከዚያ አንድ ዘንግ አስሬ በሁለቱ ጫፍ ቆረጥኩና ለካሁ። ልዩነቱ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ነበር። ማሽኑን አጥፍቼ ስልኬን አነሳሁና ደንበኞቼን አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ።